ማንም የማያፍርበት ኮሜዲ

በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር፣ ቡና ላይ የተደረገ ጭውውት ነው። አንደኛው በከተማዋ ለረጅም ጊዜ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ ሁለተኛዋ በፊልም ኤዲቲንግ የምትተዳደር ወጣት ናት። ያነጋገራቸው በ2017 የወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ቬኒስ» የተባለ የወንጀል ኮሜዲ ነው፤ ብሩስ ዊሊስ ከፖሊስነት በውርደት የወጣ የግል መርማሪ ሆኖ ይሠራበታል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሹፌሩ፦ ያን ያልሽኝን ፊልም አየሁት። ሰዓቴን እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ኤዲተሯ፦ ጋሼ፣ እኔ መቼ ይዩት አልኩዎት? ከሽፏል ብዬ ነው የነገርኩዎት።

ሹፌሩ፦ ብሩስ ዊሊስ አለበት ካልሽኝ በኋላ ማን ይቀመጣል! እኔ እሱን ያወቅሁት አዲስ አበባ፣ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ እንግሊዝኛው ሩቡ እንኳ ሳይገባን፣ ያ በባዶ እግሩ መስታወት የረገጠ ፖሊስ ሲያቃስት አብረነው እናቃስት ነበር።

ኤዲተሯ፦ «ዳይ ሃርድ»፣ 1988። ይኸው፣ ያን ሁሉ ፍንዳታ ትተው እግሩን አስታወሱ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግስ ትዝ ይልዎታል? መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ ስብርባሪውን ከእግሩ እየነቀለ፣ በሬዲዮ ብቻ ለሚያውቀው ፖሊስ የሚስቱን አደራ ይሰጠዋል። ሲወዳት ኖሮ አንድም ቀን ይቅርታ ብሏት እንደማያውቅ ይናዘዛል። በሬዲዮው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ፖሊስም ቢሆን በስህተት ልጅ ተኩሶ ከገደለ ወዲህ ሽጉጥ መምዘዝ የተሳነው ሰው ነው። ሁለት ያፈሩ ሰዎች ሳይተያዩ ይዋደዳሉ። ፊልሙን ያቆመው ይህ ነው፤ ተኩሱ ማድመቂያ ነው።

ሹፌሩ፦ ያኛው የተኩስ ፊልም ነው፣ ይህኛው ኮሜዲ። ሰው ኮሜዲ የሚከፍተው ሊስቅ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጬ ውዬ፣ ማታ ደግሞ የሰው ኑዛዜ ልስማ?

ኤዲተሯ፦ ታዲያ ሳቁ?

ሹፌሩ፦ አልሳቅሁም። የገረመኝም እሱ ነው። ለሳቅ የተዘጋጀ ነገር ሞልቶታል። ውሻ ይሰረቃል፣ ሰው ራቁቱን ይሮጣል፣ ግድግዳ ላይ የብልግና ሥዕል ይሳላል። እኔ ደግሞ ሳቅ አላጣም፤ ተሳፋሪ ያስቀኛል። እዚህ ግን ፊቴ አልተፈታም።

ኤዲተሯ፦ እስቲ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው እንደሚነግሩ ይንገሩኝ። ችግሩ ከአነጋገርዎ ራሱ ይወጣል።

ሹፌሩ፦ ስቲቭ ፎርድ ይባላል። ድሮ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ነበር፤ አሁን ቬኒስ ቢች ላይ ፈቃድ ያለው ብቸኛ የግል መርማሪ ነው። በዲ የሚባል ውሻ አለው፣ ይሰረቅበታል። ነገሩ ስፓይደር ከሚባል የዕፅ ነጋዴ ዘንድ ያደርሰዋል፤ ጄሰን ሞሞዋ ነው የሚሠራው፣ ያ ግዙፉ ልጅ። ስፓይደር ደግሞ የራሱ ሴት ኮኬይኑን ይዛበት ጠፍታለች። እንግዲህ ዕፁን ካገኘህልኝ ውሻህን ታገኛለህ ነው ነገሩ። በዚያ ላይ አንድ ሕንፃ አልሚ፣ በሕንፃዬ ላይ የራሴን የብልግና ሥዕል እየሳለ ያዋረደኝን ሰው ፈልግልኝ ይለዋል። በዚያ ላይ የአንዲት ልጅ ወንድሞች ካልገደልንህ እያሉ ያሳድዱታል። በዚያ ላይ ጓደኛው ጆን ጉድማን ከሚስቱ ሊፋታ ነው፣ ሱቁን ሊያጣ ነው።

ኤዲተሯ፦ «በዚያ ላይ፣ በዚያ ላይ» እያሉ ነው የነገሩኝ። ሌላ አነጋገር ቢፈልጉም አያገኙለትም። እኛ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የምናደርጋት አንዲት ፈተና አለች። አንዱን የታሪክ ክር ሙሉ በሙሉ አውጥተን ቀሪውን እናያለን። የቀረው ከተንገዳገደ ክሩ ያስፈልጋል ማለት ነው። እዚህ የሥዕሉን ታሪክ ቢያወጡት ፊልሙ ያጥራል እንጂ ምንም አይጎድልበትም። የወንድማማቾቹንም ቢያወጡ እንዲሁ። የፍቺውንም እንዲሁ።

ሹፌሩ፦ ግን እኮ መርማሪ ነው። የመርማሪ ቀን እንዲህ አይደለም እንዴ? አንዱ ሚስቴን ተከታተልልኝ ይላል፣ ሌላው መኪናዬ ጠፋ ይላል። የእኔም ሥራ ያው ነው፤ አንዱን ኤርፖርት አድርሼ ሌላውን ከሆስፒታል አነሳለሁ። አንዱ ከሌላው ጋር ምን አገናኘው?

ኤዲተሯ፦ የእርስዎን ቀን የሚያገናኘው እርስዎ ነዎት። ከሆስፒታል ያነሱት ሰው የነገረዎት ነገር እስከ ማታ ይከተልዎታል፤ ኤርፖርት ለሚያደርሱት ሰው ፊትዎ ይለወጣል። ስቲቭን ግን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው የሚከተለው ምንም የለም። ሁልጊዜ ያው ሰው ነው፣ ያው ከንፈር ጥግ ላይ የተሰቀለች ፈገግታ። ጽሑፉን የጻፉት ማርክ ከለን እና ወንድሙ ሮብ ናቸው፤ ማርክ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ራሱ አዘጋጀው። ከዚህ በፊት «ኮፕ አውት»ን የጻፉት እነሱ መሆናቸውን ያውቃሉ?

ሹፌሩ፦ ያንን አይቸዋለሁ። ዊሊስ ከትሬሲ ሞርጋን ጋር። የኬቨን ስሚዝ ፊልም አይደል?

ኤዲተሯ፦ አዎ፣ 2010። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በዚያኛው ዊሊስ ከሥራ የታገደ ፖሊስ ነው፣ በዚህኛው ከፖሊስነት የወጣ። በዚያኛው ውድ የቤዝቦል ካርዱ ይሰረቃል፣ በዚህኛው ውሻው። በዚያኛው ካርዱ አንድ የወንበዴ አለቃ እጅ ይገባና አለቃው የተሰረቀች መርሴዲስ ካመጣህልኝ እመልስልሃለሁ ይለዋል። በዚህኛው ስፓይደር ዕፁን።

ሹፌሩ፦ አንቺ! አንድ ናቸው እኮ!

ኤዲተሯ፦ ማጠፊያው አንድ ነው። ልዩነቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል። በ«ኮፕ አውት» ካርዱ የሚሸጠው ለምን ነበር?

ሹፌሩ፦ ለልጁ ሠርግ። እንጀራ አባቷ ሀብታም ነው፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ እያለ ያበሽቀዋል። አባት በልጁ ሠርግ ላይ እጁ ባዶ ሊሆን ነው።

ኤዲተሯ፦ «ኮፕ አውት»ም እንከኑ ብዙ ነው። ቢሆንም ካርዱ ሲጠፋ አንድ አባት ከሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም እናስባለን። ሁለተኛ ጊዜ ሲጽፉት ማጠፊያውን አስቀርተው እፍረቱን ጣሉት። በአዲሱ ፊልም ያንን ውሻ የምትወድ የቤተሰብ ልጅ አለች፣ እሷን ግን ታሪኩ ወዲያው ይረሳታል። ስቲቭ በየደቂቃው በሯን እያየ የሚሸሽ ቢሆን ኖሮ ሌላ ፊልም ነበር።

ሹፌሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። እፍረት እፍረት ትያለሽ። ራቁቱን በስኬትቦርድ የሚሸሽበትስ? ከዚያ በላይ ምን እፍረት አለ? ሽጉጡን የት እንደሸጎጠው እንኳ አንቺ ፊት ለመናገር እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ኤዲተሯ፦ አይንገሩኝ፣ አይቸዋለሁ። ጥሩ ቦታ ነው ያነሱት፣ ምክንያቱም ፊልሙ የከሸፈው እዚያ ላይ ነው። ሰውየው ራቁቱን ነው፤ የሚያፍር ግን አይደለም። ስኬትቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድም ጊዜ እጁ ወደ ገላው ለመሸፈን ሲሮጥ አይታይም፤ መንገደኛ ሲያየው አይሸማቀቅም። ካሜራውም «እዩት፣ በዚህ ዕድሜው እንኳ ምን ዓይነት ሰው ነው!» የሚል ነው የሚመስለው። ፊልሙ ሲወጣ ዊሊስ 62 ዓመቱ ነበር። ራቁትነት ብቻውን ምን ያስቃል? የሚያስቀው የሚሸፍንበት ያጣ ሰው ነው።

ሹፌሩ፦ እውነትሽን ነው መሰለኝ፤ እኔም «ይበርደዋል» ብዬ ነው ያሰብኩት እንጂ አልሳቅሁም።

ኤዲተሯ፦ አሁን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2016 የወጣውን «ዘ ናይስ ጋይስ» ያስቡ። ሼን ብላክ ነው ያዘጋጀው። ያም ሎስ አንጀለስ ነው፣ ያም የግል መርማሪ ነው፣ ዘመኑ 1977 ነው። ራያን ጎስሊንግ ሽንት ቤት ተቀምጧል፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፣ አንድ እጁ በጀሶ ታስሯል፣ አፉ ላይ ሲጋራ አለ። ራስል ክሮው በሩ ላይ ይቆማል፤ እጁን የሰበረው እሱ ነው። ጎስሊንግ ሽጉጥ መደገን አለበት። በሩ ግን ራሱ እየተዘጋ ያስቸግረዋል። በእግሩ ይከፍተዋል፣ ይመለሳል። መጽሔቱን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ይንሸራተታል። ሽጉጡን ሲያነሳ በሩ፣ በሩን ሲይዝ ሲጋራው። እንዲህ እያለ፣ አስፈሪ ሰው ለመምሰል መታገሉን አይተውም።

ሹፌሩ፦ እሱን ሳስበው ይኸው አሳቀኝ።

ኤዲተሯ፦ አዩ? ያኛው ሰው ሙሉ በሙሉ ራቁቱን እንኳ አይደለም። የሚያስቀው ክብሩን በአንድ እጅ ለማዳን መሞከሩ ነው። ደግሞ ለምን እንደወደቀ እናውቃለን። የማሽተት ችሎታ የለውም፤ ቤቱ ውስጥ ጋዝ ሲፈስ ሳይሸተው ቀርቶ ቤቱ ተቃጠለ፣ ሚስቱ ሞተች። መርማሪ ሆኖ የማያሸት ሰው! ቀልድ ነው፣ ግን ቀልዱ ውስጥ ሬሳ አለ። ልጁ ሁሉን እያየች ታድጋለች፤ እሱም እሷ ፊት ሲዋሽ ዓይኑን ያሸሻል።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ ያኛው ዊሊስ አይደለም። እኔ የምልሽ ሰውየው ደክሞታል ነው። በዚያ ሰሞን ፊልም በፊልም ላይ ይወጣለት አልነበር?

ኤዲተሯ፦ እዚያ ላይ ልጠንቀቅ። ቤተሰቡ የንግግር ሕመም እንዳለበትና ትወና እንደሚያቆም ያሳወቁት በመጋቢት 2022 ነው፤ በየካቲት 2023 ደግሞ የአንጎል መሸርሸር ሕመም መሆኑ ተገለጸ። «ራዚ» የሚባለው የፌዝ ሽልማት በ2022 ለእሱ ብቻ አንድ ዘርፍ ከፍቶ ነበር፤ ሕመሙ ሲሰማ ሽልማቱን ሻረው። ከዚያ በፊት የሠራውን ሁሉ ግን በሕመም ማመካኘት እሱንም መናቅ ይመስለኛል። ይህ ፊልም የወደቀው በጽሑፉ ነው።

ሹፌሩ፦ እኔም ለዚሁ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። ሰውየው ታሞ ቤቱ ተቀምጧል፣ እኛ ቡና ይዘን እንወቅሰዋለን።

ኤዲተሯ፦ የምንወቅሰውን እንወቅ እንጂ። ዊሊስ የወደቀ መርማሪን ከማንም በላይ አሳምሮ ሠርቷል። ተዋናይ ሳይሆን በፊት የግል መርማሪ ሆኖ እንደሠራ ይነገራል፤ የታወቀውም ከ1985 እስከ 1989 በታየው «ሙንላይቲንግ» በተባለ የመርማሪዎች ኮሜዲ ነው፣ በእሱ በ1987 ኤሚ ወስዷል። ከዚያ በ1991 «ዘ ላስት ቦይ ስካውት» መጣ።

ሹፌሩ፦ ከዴመን ዌያንስ ጋር! ያንን ስንት ጊዜ ነው ያየሁት።

ኤዲተሯ፦ እስቲ ዊሊስን መጀመሪያ የምናየው ምን ላይ ነው?

ሹፌሩ፦ መኪናው ውስጥ ተኝቶ። ልጆች የሞተ ሽኮኮ ይወረውሩበታል።

ኤዲተሯ፦ ይነቃና የመኪናውን መስታወት አይቶ ራሱን ይሰድባል፤ ማንም እንደማይወደው፣ እንደሚሸነፍ ለራሱ ይነግረዋል። ከዚያ ያንኑ ፊት ፈገግ በል ብሎ ያዘዋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰውየውን አወቅነው። ድሮ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ነበር፣ ለፕሬዚዳንቱ ጥይት የተቀበለ ሰው። አንድ ሴናተር ሆቴል ውስጥ ሴት ሲያሠቃይ ይዞት ደበደበው፤ የተባረረው እሱ ሆነ። ማለት ውርደቱ የመጣው ትክክል ስለሠራ ነው። ቤቱ ሲገባ የሚስቱ ውሽማ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ያውም የቅርብ ጓደኛው። ልጁ ትሰድበዋለች። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚቀልደው፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቀልዱ የሚዋጋው።

ሹፌሩ፦ ጽሑፉን የጻፈው ማን ነው?

ኤዲተሯ፦ ሼን ብላክ። ያው የ«ዘ ናይስ ጋይስ» ሰውዬ። ያኔ ለዚያ ጽሑፍ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ በጊዜው ሆሊዉድን ያነጋገረ ዋጋ ነበር። እንግዲህ በ25 ዓመት ልዩነት አንድ ሰው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በትክክል ሠራ፤ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ከማን ፊት እንደወደቀ አሳየን።

ሹፌሩ፦ አሁን እኔ ልያዝሽ። ያ የኮሜዲ መርማሪ ኢንስፔክተር ክሉዞስ? እሱ መቼ አፍሮ ያውቃል? ሐውልት ይሰብራል፣ ከመስኮት ይወድቃል፣ ተነሥቶ ኮቱን ያስተካክላል፣ ጉዳዩን ፈታሁት ይላል። እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ግን እስከ ዛሬ እንስቅበታለን። ያንቺ ሕግ የት ገባ?

ኤዲተሯ፦ ይኼ ከባድ ጥያቄ ነው።

ሹፌሩ፦ እፈሪ እንግዲህ።

ኤዲተሯ፦ ይቆዩ፣ ላስብ። ኮቱን ያስተካክላል አሉ፤ ፒተር ሴለርስ እኮ ክሉዞን ሲሠራ ከማንም በላይ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው አድርጎ ነው። ወድቆ ሲነሣ «ሆን ብዬ ነው» የሚል ፊት አለው። ግን እርስዎ ትክክል ነዎት፤ እሱ ራሱ አያፍርም። ታዲያ ማን ያፍርለታል? ዋና ኢንስፔክተር ድራይፈስ! ሄርበርት ሎም። በ1964ቱ «ኤ ሾት ኢን ዘ ዳርክ» ነው የገባው። ክሉዞ አንድ ነገር በሰበረ ቁጥር የድራይፈስ ዓይን ይርገበገባል። የራሱን ጣት ይቆርጣል። በኋላ በሚመጡት ፊልሞች አእምሮ ሕክምና ቤት ይገባል።

ሹፌሩ፦ ሃ! አንዱ ያጠፋል፣ አንዱ ይከፍላል።

ኤዲተሯ፦ እንግዲህ ሕጌን ላስተካክል። ሰውየው ራሱ ማፈር የለበትም፤ ግን አንድ ሰው ማፈር አለበት። ውርደቱ የሆነ ሰው ፊት ላይ ማረፍ አለበት። «ዘ ኔክድ ገን» ላይ ሌስሊ ኒልሰን ምንም አይሰማውም፤ ፊቱም ቀብር ላይ የቆመ ሰው ፊት ነው። ግን በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ይከፍላል። አሁን ወደ ቬኒስ ይመለሱና ስቲቭ ራቁቱን ሲሄድ ማን ነው የሚከፍለው?

ሹፌሩ፦ ማንም። ያ ረዳቱ ልጅ እንኳ በአድናቆት ነው የሚያወራው።

ኤዲተሯ፦ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው! ቶማስ ሚድልዲች የሚሠራው ጆን፣ ከእሱ ሥራ የሚለማመደው። ታሪኩን የሚተርክልንም እሱ ነው። ከፊልሙ ሁሉ የተሻለ ዕድል የነበረው እዚህ ጋ ነው፤ መርማሪነትን ሊማር መጥቶ ጌታው ሲዋረድ የሚያይ ልጅ። ድራይፈስ ተቀምጦላቸው ነበር፣ አልተጠቀሙበትም። ይልቅ ድምፁን ማስታወቂያ አደረጉት። ስቲቭ እንዲህ ነው፣ ቬኒስ እንዲህ ናት እያለ ሥዕሉ ሊያሳየን የሚችለውን ነገር ይነግረናል። በእኛ ሥራ ተራኪ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ትዕይንቶቹ አልያያዝ ሲሉ ነው። በዚያ ላይ ሞሞዋ ይታዘንለታል፤ የተከፋ ወንበዴ አድርጎ ሊያስቀን ይሞክራል፣ ከፊቱ ያለው ሰው ግን ስለማይፈራውም ስለማያፍረውም ኳሱ አይመለስለትም።

ሹፌሩ፦ እኔ ደግሞ የተናደድኩት በቬኒስ ነው። አንቺ ስለ ሰውየው ታወሪያለሽ፤ እኔ ስለ ቦታው ላውራ። ሰው ሳደርስ እዚያ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አቦት ኪኒ የሚባል በትምባሆ የከበረ ሰው ነው በ1905 ቦዮች አስቆፍሮ፣ የጣሊያኗን ቬኒስ እዚህ አመጣለሁ ብሎ የሠራት። በ1929 መኪና በዛ ተብሎ አብዛኛው ቦይ በአፈር ተደፍኖ መንገድ ሆነ። ዘይት ተገኘባት፣ ማማ ተተከለባት። ደኸየች፣ የሰዓሊና የገጣሚ ሰፈር ሆነች። ቀጥሎ ባለ ኮምፒውተሮቹ መጡ። ዛሬ በተረፉት ቦዮች ዳር ያለ ቤት ዋጋው አይነካም፤ እዚያው ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ ሰው በድንኳን ይተኛል። ይህ ሁሉ ባለበት ፊልሙ የሚያሳየኝ ምንድን ነው? ባሕር ዳር፣ ዘንባባ፣ የስኬትቦርድ ሜዳ። ቱሪስትም ይህን ያነሳል።

ኤዲተሯ፦ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ሕንፃ አልሚ አስቀምጠዋል! አዳም ጎልድበርግ የሚሠራው። ግድግዳው ላይ ማታ ማታ እየሳለ የሚያዋርደው ሰው አለ። ሰፈሩ እየተሸጠ ነው፣ አንድ ሰው በቀለም እየተበቀለ ነው፣ የወደቀው መርማሪ ደግሞ ለገዢው ተቀጥሮ ጎረቤቱን ሊያሳድድ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ሥራ የት ይገኛል? እነሱ ግን ሥዕሉ ባለጌ ስለሆነ ብቻ ያስቃል ብለው አለፉት።

ሹፌሩ፦ ለነገሩ ያንን ቦታ በትክክል ያየ ሰው ነበር ትያለሽ?

ኤዲተሯ፦ ኦርሰን ዌልስ። የ1958ቱ «ተች ኦፍ ኢቪል» የተቀረጸው ቬኒስ ውስጥ ነው፤ የሜክሲኮ ድንበር ከተማ አስመስሎ። የዘይቱ ማማዎች፣ የቆሸሸው ቦይ፣ ያረጁት ቅስቶች ሁሉ አሉ። ኮሜዲ አይደለም፣ ግን ስለ ወደቀ መርማሪ ነው። መርማሪው ኩዊንላን ሚስቱን አንቆ የገደለው ሰው አመለጠው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳያመልጠው ማስረጃ እየፈበረከ ያስራል። እፍረቱን በወንጀል ይሸፍናል። መጨረሻው እዚያው ቬኒስ ቦይ ውስጥ ነው።

ሹፌሩ፦ ስለዚህ ስቲቭ ፎርድ የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ቀድሞ የወደቀ መርማሪ አለ ማለት ነው።

ኤዲተሯ፦ ያውም በስንት ክብደት። ጋሼ፣ ውሻውስ? እርስዎ እንስሳ ይወዳሉ። እሱ እንኳ አላሳዘነዎትም?

ሹፌሩ፦ ሊያሳዝነኝ ሲል ታሪኩ ጥሎት ይሄዳል። «ጆን ዊክ» ላይ ያቺ ቡችላ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የምትታየው፤ የሞተች ሚስቱ የላከችለት ስለሆነች ስትሞት ሰውየው ዓለምን ቢያፈርስ አልፈርድበትም። እዚህ ውሻው ማን እንደሆነ አልተነገረኝም፣ ዕቃ ነው። ካርዱ ነው እንዳልሽው።

ኤዲተሯ፦ እኔ ያስታወስኩት «ዘ ሎንግ ጉድባይ»ን ነው፣ የሮበርት አልትማን፣ 1973። እሱም የሎስ አንጀለስ መርማሪ ነው፣ እሱም ሊስቁበት የሚገባ ሰው። ድመቱ ሌሊት ቀስቅሳው ራበኝ ትላለች። የምትበላው አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ነው፤ ሱፐርማርኬት ሄዶ ያጣዋል። ሌላ ይገዛና ወደ አሮጌው ቆርቆሮ ገልብጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ያው ነው ብሎ ሊያታልላት ይሞክራል።

ሹፌሩ፦ ድመት ታታልላለህ!

ኤዲተሯ፦ አልታለለችም። አሽትታ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ሰውየው ጓደኛዬ አላታለለኝም እያለ ይሟገታል። ድመቷን ማታለል ያልቻለ ሰው ራሱን እያታለለ ነው። መጨረሻ ላይ ድመቴን እንኳ አጣሁ ይላል፤ ሳቁም ሐዘኑም አንድ ላይ ይመጣል። አንድ የቤት እንስሳ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ቆርቆሮ። በቬኒስ ውሻው 94 ደቂቃ ይፈለጋል፣ ይህን ያህል አይናገርም።

ሹፌሩ፦ እንግዲህ ፊልሙን አንቺ ብትሠሪው ምን ታደርጊያለሽ? መውቀስ ቀላል ነው።

ኤዲተሯ፦ እርስዎ ይጀምሩ። ተመልካቹ እርስዎ ነዎት።

ሹፌሩ፦ እኔ? መጀመሪያ ያን ልጅ፣ ረዳቱን፣ ሰውየውን የሚያመልክ አደርገዋለሁ። ያች የቤተሰብ ልጅ ደግሞ ውሻዬስ እያለች በየቀኑ ትደውል። ሰውየው ስልኩን አያነሳም፣ ልጁ ነው የሚያነሳው፣ ልጁ ነው የሚዋሽለት። ውሸቱ እየበዛ ይሄዳል። አልሚው ደግሞ እንዲያሳድደው የሚያዘው ሰዓሊ የሰውየው የድሮ ወዳጅ ይሁን። ራቁቱን የሚሮጥበትን አላወጣውም።

ኤዲተሯ፦ አያወጡትም?

ሹፌሩ፦ ለምን አወጣዋለሁ! ግን መንገዱ ላይ ከሁሉ ፊት የሚያየው ያ ልጅ ይሁን። ጌታው ራቁቱን በስኬትቦርድ እየበረረ መጥቶ ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። ልጁ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ሰውየው ይዞ ማለፍ አይችልም፣ ፖሊስ እየመጣ ነው። ያኔ ተመልካቹ ይስቃል።

ኤዲተሯ፦ ጋሼ፣ ይህ ከተቀረጸው ይሻላል። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መጨረሻው።

ሹፌሩ፦ መጨረሻው ቀላል ነው። ውሻው ይገኛል፣ ኮሜዲ ነው፤ ውሻ ከሞተ ማንም ገንዘቤን መልሱልኝ ይላል። ግን ውሻውን ይዞ የሚያንኳኳው ሰውየው ራሱ ይሁን። ልጅቱ በሩን ትክፈት፣ ይዋሽ ወይ አይዋሽ እሱ ይምረጥ።

ኤዲተሯ፦ ፈተናውን አገኙልኝ። የወደቀ መርማሪ ኮሜዲ ሲመጣልን ከእንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ። ይህ ሰው የማንን ዓይን ማየት ያቅተዋል? የ«ዳይ ሃርድ»ን ሰውዬ የሚስቱን፣ የ«ላስት ቦይ ስካውት»ን የመስታወቱንና የልጁን፣ የድመቷን ሰውዬ የጓደኛውን። ስቲቭ ፎርድ ግን ሁሉንም ቀና ብሎ ያያል። ኮሜዲው የሞተው ለዚህ ነው።

ሹፌሩ፦ ይህን እንኳ ለተሳፋሪም እጠቅሰዋለሁ። እንግዲህ ቅዳሜ ማታ ሥራ የለኝም፤ አንዱን ምረጪልኝ። ግን የሚያስቅ ይሁን።

ኤዲተሯ፦ «ዘ ናይስ ጋይስ»።

ሹፌሩ፦ ያፍራል?

ኤዲተሯ፦ ልጁ ፊት ያፍራል።

ሹፌሩ፦ እንግዲያው ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ፤ አንቺ ስሙን ጻፊልኝ።